የደግሰው ጀርመን

ጀርመኗ መኪና ገደሉ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተክላለች። የኋላ ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንደኛው ነፋስ በመጣ ቁጥር ቀስ እያለ ይዞራል።

ማለዳ ያዩዋት ፍየል እየነዱ ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የድንጋይ ካባውን አልፎ፣ የአምደወርቁ መንገድ ቁልቁል የሚጠመዘዝበት ላይ ነው። ኢንስፔክተር የሺመቤት ቋጥኝ ለቋጥኝ እየተንሸራተተች ወረደች። ሾፌሩን ለመለየት ፊቱን ማየት አላስፈለጋትም። ደግሞም ፊት አልነበረውም። ደረቱን መሪው ጨፍልቆታል፣ ግንባሩን የመስታወቱ ስብርባሪ ከአጥንቱ ድረስ ከፍቶታል። ግን በሰቆጣ እንዲህ ያለች የድሮ ጀርመን መኪና አንዲት ናት፤ የሚነዳትም ደግሰው ብቻ ነው።

ደግሰው ሰላሳውን ያለፈ ላጤ ነበር። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠዋለች። አንድ የውጭ ድርጅት ትቷት ሲሄድ ከዛገችበት አንስቶ፣ ለአንዲት ዕቃ አዲስ አበባ ድረስ እየላከ ነፍስ ዘራባት። ምጥ የጠናባት ሴት ሲኖር፣ ከቋጥኝ የወደቀ ሰው ሲገኝ የሚደወለው ለእሱ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሰው በእግሩ ሮጦ ይጠራዋል።

«ፍሬን ነው» አለ ኮንስታብል ምስጋናው። ወጣት ነው፤ ሬሳ እያየ ማውራት ስለከበደው ፊቱን ወደ ተራራው አዙሯል። «ከትናንት በስቲያ ጋሽ ትእዛዙ ጋራዥ ፍሬኗን ሲያሠራ አይቼዋለሁ። አልተሠራለትም ማለት ነው።»

የሺመቤት ወደ መኪናዋ ተጠጋች። በተሰበረው መስኮት እጇን አስገብታ ቁልፉን ነካችው። ወደ መዝጊያው ዞሯል። ማርሹም ባዶ ላይ ነው።

«ሞተር አጥፍቶ ነው የወረደው» አለች።

«ናፍጣ ለመቆጠብ እንዲያ የሚወርዱ አሉ።»

«ይኖራሉ።» ቀና ብላ መንገዱን አየችው። አቧራው ላይ ያለው የጎማ አሻራ ቀጥ ያለ ነው፤ የደነገጠ ሰው መሪ አጣሞ የታገለበት ምልክት የለም። የተጨማደደውን ኮፈኖ ለመክፈት ሞከረች፤ እንቢ አላት። «ይህን የሚፈለቅቅ ብረት ይምጣ» ከማለቷ ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የጣቢያው ተረኛ ድምፅ መጣ።

«ኢንስፔክተር... ጋራዡን ሰው ወሮታል... ሊገድሉት ነው!»

ሲደርሱ የጋራዡ ቆርቆሮ በር መሬት ላይ ተነጥፏል። ትእዛዙ፣ ሰቆጣ ውስጥ የድሮ ጀርመን መኪና የሚነካ ብቸኛው መካኒክ፣ በዘይት በጠቆረው መሬት ላይ ተጠቅልሎ ራሱን በክንዱ ይከላከላል። ክንዱ ከክርኑ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ዱላ ይወርድበታል፤ ዱላ ያጣ በእግሩ ይረግጠዋል። የሟች እናት እማማ ወለተ ገብርኤል ነጠላቸው ተገፎ፣ ጸጉራቸው ተበታትኖ፣ ከመሬት ድንጋይ አንስተው «ልጄን በላኸው!» እያሉ ወረወሩ። ድንጋዩ ዓይኑ ላይ አረፈ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ መጮኹን አቆመ።

የሺመቤት ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኮሰች። ሰዉ ሲበተን ሄዳ በትእዛዙ ላይ ተገትራ ቆመች።

«የሚቀጥለው ወደ ሰማይ አይደለም!»

አንድ ሰው ብቻ አልሸሸም። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ እጁ እንደ አካፋ የሆነ ሰው ነው፤ ዱላው ጫፉ ድረስ ደም ነክቶታል። ኪዳኑ ይባላል። ከሩቅ አገር መጥቶ ሰቆጣ የከተመ ግንበኛ፣ የካባው ኃላፊ፣ የደግሰው እህት የእየሩስ ባል። ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ድንጋዩን በነጻ ያስጠረበ ነውና ብዙ ሰው ያከብረዋል።

«ዱላውን ይጣሉ አቶ ኪዳኑ።»

ጣለው። እንባው በጉንጩ ወረደ። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ አይተውታል አይደል? እንዴት እንደሆነ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ትናንት ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ካባው ላይ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሠራተኞቹን አሰናብቼ። መጣና አጠገቤ ቆመ። ከመኪናው እንኳ አልወረደም። ሞተሩን አጠፋ፣ በመስኮት አወራን። ‹ይሄ ትእዛዙ ፍሬኑን አላስተካከለውም፣ እየከዳኝ ነው› አለኝ። እባክህ ተመለስ አልኩት። አስነስቶ ሄደ።» ደረቱን በጡጫ መታ። «ምነው ጎትቼ ባወረድኩት!»

በዙሪያው ያሉት እንደገና ተነሥተው ማጉረምረም ጀመሩ። የሺመቤት ትእዛዙን በፖሊስ ፒክአፕ አስጭና ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። መንገዱን ሁሉ ከጭኗ ላይ ያለው ጭንቅላት ደም ይተፋል።

ሬሳውን የመረመረችው ዶክተር መስከረም የምትባል ናት። ቀልድም ትርፍ ቃልም አታውቅም።

«ፊቱን ተይው» አለች ለየሺመቤት። «ፊቱ የተሰባበረው ከሞተ በኋላ ነው፤ የሚገባውን ያህል አልደማም። የሞተው በዚህ ነው።» የሟቹን ራስ አዘንብላ ማጅራቱን አሳየቻት። አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። የቀዳዳው ጠርዝ አራት ማዕዘን ነው፤ ሁለተኛው ምት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሦስተኛው ጆሮውን ቆርጦ አርፏል።

«መሪ እንዲህ አያደርግም?»

«መሪ ከፊት ነው ያለው።»

የሺመቤት ከአስከሬን ክፍሉ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አንድ ሰው ደግሰውን ከኋላው መጥቶ ደጋግሞ መትቶ ገድሎታል። ከዚያ ሬሳውን መሪ አስይዞ ወደ ገደል ለቅቆታል። ከተማው ግን ገዳዩን አግኝቻለሁ ብሎ መካኒኩን ለመቅበር ጉድጓድ ሊምስ ነው።

ጀርመኗን በገመድ ጎትተው ያወጧት ሰዎች ኮፈኖውን በብረት ሲፈለቅቁት ምስጋናው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የኮፈኖው የውስጥ ሆድ በደረቀ ደም ተረጭቷል። ሞተሩ ላይ ባለች ትንሽ ማንሻ ላይ ጸጉር ከነቆዳው ተጣብቋል።

«ራሱ እዚህ ውስጥ እያለ ነው የተመታው» አለች የሺመቤት። «ኮፈኖው የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ጋራዥ ውስጥ ነው!» ምስጋናው ዓይኑ በራ። «ሞተር ከፍቶ የሚያሳየው ማን ነው? መካኒክ አይደል? ጋሽ ትእዛዙ ‹ና ይሄን እይ› ብሎት...»

«በማግስቱ ስንት ሰው ሲነዳ አይቶታል። ከጋራዡ በሰላም ወጥቷል።»

«እንግዲያው ወንዳወቅ ነው። ትናንት ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ተደባድበዋል። ወንዳወቅ ‹ገደል ነው የምሰድህ› ሲለው የሰማ ሰው አለ።»

የሺመቤት ጎንበስ ብላ ሞተሩን አየችው። ከአንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ቡሎን ተወትፎ በሽቦ ታስሯል። ሁሉ ነገር በአቧራና በዘይት ሲጠቁር ያቺ ቡሎን ብቻ ታበራለች። አዲስ ሥራ ናት። ምን እንደሆነች አላወቀችም፤ ግን ፎቶ አነሣቻት።

ወንዳወቅ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ አፉ አያርፍም፣ እጁም እንዲሁ። ጣቢያ ሲያስገቡት ከንፈሩ ከትናንቱ ጠብ አብጦ ነበር።

«ገደል እሰድሃለሁ ብለኸዋል?»

«ብያለሁ። ለሁሉም እላለሁ። ሾፌር ሌላ ምን ይላል?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ጎማ ፈንድቶብኝ ወልድያ መንገድ ላይ፤ ተሳፋሪዬን ሁሉ ጠይቂ። አንድ መነኩሴ ሙሉ መዝሙረ ዳዊት ደግመው ጨርሰዋል፣ እኔ ጎማ ስቀይር።»

ምስጋናው ሄዶ አጣራ። እውነት ነው።

«የተጣላችሁት በምንድን ነው?» አለች የሺመቤት፣ ልታሰናብተው ተነሥታ።

ወንዳወቅ አንገቱን ደፋ። «ስቄበት። መናኸሪያ ገባና ቆመ። ቁልፉን ነቀለ፤ ሞተሩ ይሠራል። ወርዶ ኮፈኖ ከፍቶ፣ እጁን ከትቶ አንድ ነገር ሲጫን ነው የጠፋችለት። ‹ጀርመንህ ባለቤቷን ረሳች ወይ› አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲመታኝ መታሁት።» ያበጠ ከንፈሩን ዳሰሰ። «መጨረሻችን ይህ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ!»

የሺመቤት ተመልሳ ተቀመጠች።

«ቁልፉን ነቅሎም ሞተሩ ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር እንጂ! ወርዶ ካልከፈተ አትጠፋም።»

ትእዛዙ መናገር የቻለው ደግሰው በተቀበረ ማግስት ነው፤ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ግማሽ ፊቱ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የሺመቤት የቡሎኗን ፎቶ ከደህናው ዓይኑ ፊት ያዘችለት።

«ጋሽ ትእዛዙ፣ ይህ የእርስዎ ሥራ ነው?»

ዓይኑን ጨፈነ፤ አዎ ማለቱ ነው። መንጋጋው ስለታሰረ ቃሉ በጥርሱ መካከል እየተንፏቀቀ ወጣ። ፍሬኑ የሚደነድነው ቱቦው አየር ስለሚያስገባ ነበር። ያው የአየር መምጠጡ ኃይል ነው ፍሬኑንም የሚያግዘው፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩንም የሚያጠፋው። የሞተር ማጥፊያዋ ዕቃ ተቀድዳለች። መለዋወጫዋ እስክትመጣ ወደ እሷ የሚሄደውን መስመር በዚያች ቡሎን ደፈነው።

«ፍሬኑ... ደህና ነው» አለ። «ማጥፋት ብቻ... ማንሻዋን... በእጅ።»

«ለማን ነገሩ ይህን?»

«ለደግሰው። ለማን... እነግራለሁ?»

የሺመቤት የተሰበረ እጁን ሳትነካ የብርድ ልብሱን ጠርዝ አስተካከለችለት። ከሆስፒታሉ ደጅ ስትደርስ ምስጋናው ጠበቃት።

«‹ከመኪናው እንኳ አልወረደም፤ ሞተሩን አጠፋ፣ በመስኮት አወራን›» አለችው። «ይህን ያለን ማን ነው?»

«አቶ ኪዳኑ!» አለ ምስጋናው። «ለቅሶው ላይ እኮ ከሁሉ በላይ እሱ ነው የሚያለቅሰው!»

«አንድ ነገር ይቀረኛል። ምክንያቱን አላውቅም። እህቱስ የት ናት? ጋራዡ ጋ አልነበረችም። ቀብሩ ላይ አላየኋትም።»

«ታማለች ብሏል።»

የለቅሶው ዳስ የተተከለው ከኪዳኑ ግቢ ነው። ዳሱ ሞልቷል። ኪዳኑ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ፣ በጥቁር ጋቢ ተጠቅልሎ፣ የሚመጣውን ሁሉ እየሳመ ይቀበላል። የሺመቤት ሲቪል ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ምስጋናው በሩ ላይ ቀረ።

እየሩስ ከሴቶቹ ጥግ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች። ጉልበቷን አቅፋ የያዘችው እጅ አንጓው ላይ ገመድ የበላው ቁስል አለው። አታለቅስም። ባሏ ቀና ባለ ቁጥር ትከሻዋ ይኮማተራል።

የሺመቤት የአምደወርቅ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ነው። ኪዳኑ በሰቆጣ ብዙ ዘመን ቢቀመጥም ያን ቋንቋ ንቆ ሳይማረው ቀርቷል። ሄዳ እየሩስን አቀፈቻት። ከዚያ ደረቷን እየደቃች፣ በሙሾ ዜማ፣ በኽምጣና አለቀሰች። ለማያውቀው ሰው ልቅሶ ነው። ቃሉ ግን ጥያቄ ነበር።

«ወንድምሽ ያን ቀን ወዴት ይሄድ ነበር፣ እህቴ? ማን ይጠብቀው ነበር፣ እህቴ?»

እየሩስ ደንግጣ አየቻት። የሺመቤት ዜማውን ሳትሰብር ደገመችላት። «ፖሊስ ነኝ። አልቅሺና ንገሪኝ።»

እየሩስ ባሏን አሻግራ አየችው። ከዚያ ከሆዷ የወጣ ጩኸት ጮኸች፤ ዳሱ ሁሉ ተከትሏት አለቀሰ። በዚያ ጩኸት ውስጥ፣ እየተወዛወዘች፣ በእናቷ ቋንቋ ተናገረች።

«እኔን ሊወስደኝ ነበር። ወደ ወልድያ ሊያሸሸኝ ነበር። ባሌ አጥንቴን ሰብሮት፣ ልጄን በሆዴ ገድሎት፣ ሁለት ጊዜ ሸሽቼ ሁለት ጊዜ መለሱኝ። ወንድሜ ከካባው በላይ ጠብቂኝ አለኝ። ባሌ ጓዜን አገኘብኝ፤ ደብድቦ ቦታውን አናዘዘኝ። አስሮ ቆለፈብኝ። መዶሻውን ይዞ በእኔ ፋንታ እሱ ሄደ። ሲመለስ በእኔ ፊት ታጠበ፣ በእኔ ፊት ታጠበ!»

መጀመሪያ ዝም ያሉት እማማ ወለተ ገብርኤል ናቸው። አፋቸው እንደተከፈተ ልቅሶው ከጉሮሯቸው ደረቀ። ከዚያ ከአጠገባቸው ያለችው አሮጊት ዝም አለች። ከዚያ ሦስተኛዋ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሁሉ በየተራ ዝም አለ፤ ዝምታው ከሴቶቹ ወደ ወንዶቹ ተሻገረ። የማያውቁት ግራ ገብቷቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በመጨረሻ ዳሱ ውስጥ የሚሰማው የኪዳኑ ልቅሶ ብቻ ሆነ።

ቀና አለ። ሰው ሁሉ እያየው ነው።

«ምን አለች?» አለ።

የሺመቤት ተነሣች። «አቶ ኪዳኑ፣ ደግሰው ካባው ላይ ሲያነጋግርዎት ከመኪናው አልወረደም ብለውኛል።»

«አልወረደም።»

«ሞተሩን በምን አጠፋ?»

«በቁልፍ ነዋ! በምን ይጠፋል?»

«ያቺ መኪና ከጋራዥ ከወጣች ወዲህ በቁልፍ አትጠፋም። ወርዶ ኮፈኖውን ካልከፈተ አትጠፋም። ኮፈኖው ውስጥ ደግሞ ደሙ አለ።»

ኪዳኑ ፈገግ ሊል ሞከረ። ከዚያ ባለበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። ግንበኛ ነውና ዕቃው ከቤቱ ደጃፍ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ባለ አራት ማዕዘኑን መዶሻ ነጥቆ፣ በሴቶቹ ላይ እየረገጠ አልፎ የእየሩስን ጸጉር ጨበጠ።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው!» አለ። «አንቺ ነሽ! ‹እህቴ የት አለች› አለኝ፤ በገዛ ሚስቴ ጌታ ሊሆንብኝ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ኮፈኖ ከፈተ፤ እንደ ሰው እንኳ አልቆጠረኝም!»

መዶሻውን አነሣ። ምስጋናው ከበሩ ሮጦ በመካከል ገባ። ምቱ የእሱን ትከሻ አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር የደረቀ እንጨት ድምፅ አወጣ። እየሩስ የጨበጣትን እጅ በጥርሷ ያዘች፣ ደሙ በአገጯ እስኪወርድም አልለቀቀችም። ኪዳኑ እንደገና መዶሻውን ሲያነሣ የሺመቤት ጭኑን በጥይት መታችው። ወደቀ፤ እየተሳበ ሲዘረጋ መዶሻውን በእግሯ ረግጣ ያዘችበት።

ያኔ ዳሱ ተነሣ። የዳሱን ምሰሶ የነቀለ፣ ድንጋይ ያነሣ፣ ጋራዡ ጋ የነበሩት ያው ፊቶች ከበቡት። «ስጪን!» ይላሉ። «ደሙን ስጪን!» ኪዳኑ መሬት ላይ ሆኖ እንደ ሕፃን እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

የሺመቤት በላዩ ቆመች። ሽጉጧን አላወረደችም።

«ባለፈውም እንዲህ ብላችሁ ነበር» አለች። «ያ ሰው አሁን አንድ ዓይን የለውም።»

በመጨረሻ ከኋላ የቆመው ሰው ድንጋዩን ጣለ።

ኪዳኑ የተናዘዘው ከሆስፒታል ወደ ጣቢያ ሲዛወር ነው። ሬሳውን ጎትቶ መሪው ፊት እንዳስቀመጠው፣ ቁልቁለቱ ላይ ገፍቶ እንደለቀቀው ተናገረ። ስለ ሌላው አልተጸጸተም። የቆጨው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደግሰው ለምን ኮፈኖ እንደከፈተ አለመጠየቁ።

እየሩስን የሺመቤት ራሷ መናኸሪያ አድርሳ የወልድያው አውቶቡስ ላይ አሳፈረቻት። ወንዳወቅ ሮጦ መጥቶ ሻንጣዋን ጫነላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ዝም ብሎ።

ከዚያ ወዲህ ባለ አንድ ጠዋት የሺመቤት የትእዛዙን ቃል ልትቀበል ሆስፒታል ሄደች። የደበደቡትን ሁሉ ስም ጠርቶ ጨርሶ ነበር፤ አንዱንም አልማረም። በሩ ተከፈተ። እማማ ወለተ ገብርኤል ናቸው። ይቅርታ በሚለመንበት ወግ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ጎብጠው፣ ከደጃፉ ተንበረከኩ። ከቤታቸው ጀምረው ተሸክመውት መምጣታቸውን ከቆሰለው አንገታቸው ማየት ይቻላል። ይዘውት የመጡትን ቃል ግን ማውጣት አልቻሉም።

ትእዛዙ በቀረው ዓይኑ ማየት ገና ስለሚያስቸግረው አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ማን ነው?»

«የደግሰው እናት ናቸው» አለችው የሺመቤት። «ድንጋይ ተሸክመዋል።»

ዝም አለ። አሮጊቷ ድንጋዩን አላወረዱም።

«የእሳቸውን ስም ሰጥቼሽ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ሰጥተውኛል። መጀመሪያ የጠሩት የእሳቸውን ነው።»

«ሰርዢው» አለ። «የሌሎቹን ተይው፤ እነሱ ይጠየቁ። የእሳቸውን ሰርዢው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ድንጋዩንም አውርጂላቸው። እኔ ልነሣ አልችልም።»